ሦስተኛው ነጥብ

ከጠዋት ጀምሮ ሆድ ብሶኛል። ሐምሌ ሲገባ እንዲህ ያደርገኛል፤ የቆየ ወዳጅ ያውቀዋል። ዝናቡ የጎረቤትን ቆርቆሮ ይደበድባል፣ ቤቱ ገና በስምንት ሰዓት ይጨልማል፣ እኔም ከመስኮት ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ መስኮት እመላለሳለሁ። እንዲህ ባለ ቀን እጄን ሥራ ካላስያዝኩት ሐሳብ ይዞኝ ይሄዳል። ስለዚህ ከፋሲካ ወዲህ አልጋ ሥር የከረመውን ካርቶን ጎትቼ አወጣሁ። ወንድሜ ከዱባይ በሰው እጅ የላከልኝ ሌዘር ነው።

ማሽኗን ታውቋታላችሁ። ያቺ 3018 የምትባለዋ ትንሿ ሲኤንሲ፣ በኮምፒውተር የምትታዘዝ መቁረጫ ማሽን ናት፤ ስሟ ልኳ ነው፤ ወደ ጎን 300፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ 180 ሚሊሜትር ትሄዳለች። እስከ ዛሬ በምትሽከረከር ቀጭን መቁረጫ እንጨት ስትፈለፍል ነው የኖረችው። ሌዘሩ የሚገባው መቁረጫውን የሚያሽከረክረው ሞተር በተቀመጠበት ቦታ ነው። ማቀፊያው 45 ሚሊሜትር ክብ፣ ሌዘሩ ግን አራት ማዕዘን ስለሆነ ሁለቱን የሚያስማማ ማሰሪያ ያስፈልጋል። እሱን ባለፈው ሳምንት ማሽኗ ራሷ ከኮምፔንሳቶ ቆርጣ ሰጥታኛለች። ዛሬ ሞተሩን ፈታሁ፣ ማሰሪያውን አስገባሁ፣ ብሎኑን አጠበቅሁ። ልክክ አለ። እንዲህ ልክክ ሲል የሚሰማኝን ደስታ ለሰው ማስረዳት አልችልም።

ሽቦው ላይ ነው የቆየሁት። የማሽኗ ኃይል 24 ቮልት፣ የሌዘሩ 12 ነው። ሌላ አዳፕተር መጨመር ቀላል ነው፤ ግን የሁለቱ አዳፕተሮች ኔጌቲቭ ካልተገናኘ ከማሽኗ የሚመጣው ትእዛዝ ለሌዘሩ ትርጉም የለውም። ሁለት ሰዎች ከአንድ መሬት ላይ ሳይቆሙ ቁመት እንደሚለካኩ ማለት ነው። ያቺን አንዲት ሽቦ በስታኞ በየድኳት። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ቁጥር ቀየርኩ፦ የዶላር ምልክት 30 ላይ 1000 (የሌዘሩ ሙሉ ኃይል የሚጠራበት ቁጥር)፣ የዶላር ምልክት 32 ላይ 1። ሁለተኛው ማሽኗን «ከእንግዲህ የያዝሽው መቁረጫ ሳይሆን ብርሃን ነው» ብሎ መንገር ነው። ይህ ካልተነገራት ከቦታ ወደ ቦታ ስትሻገርም ሌዘሩን አታጠፋውም፤ ያለፈችበትን ሁሉ ታቃጥላለች።

ካርቶኑ 20 ዋት ይላል። ቁጥሩ ብዙ ሰው ያሳስታል። ሌዘሩ የሚበላው ኤሌክትሪክ ነው እንጂ የሚሰጠው ብርሃን አይደለም፤ ብርሃኑ 5 ዋት ገደማ ቢሆን ነው። ይሁንና 5 ዋት ብርሃን ከ0.1 ሚሊሜትር ብዙ በማትበልጥ ነጥብ ላይ ሲከማች እንጨት ያከስላል። ዐይን ደግሞ ለዘለዓለም ያጠፋል፤ ቀጥታ ማየቱ ብቻ አይደለም፣ ከሚያብረቀርቅ ነገር ላይ ነጥሮ የመጣውም ጭምር። ለዚህ ነው የማሽኗን የአሉሚኒየም ወለል በጣውላ የሸፈንኩት። ለ450 ናኖሜትር ሰማያዊ ብርሃን ተብሎ የተሠራውን ብርቱካናማ መነጽር ሁለት ያስላክሁትም ለዚህ ነው። እማዬ ሳታንኳኳ ነው የምትገባው፣ የፀሐይ መነጽር ደግሞ ለዚህ ምንም አይጠቅምም።

የመጀመሪያውን መስመር ቁራጭ ኮምፔንሳቶ ላይ ሞከርኩ። ቀጭን ጭስ ተነሳ። ወዲያው ከሳሎን ድምጿ መጣ።

«ምን እየተኮስክ ነው ልጄ? ሸሚዝህ ተቃጠለ እንዴ?»

ሸሚዝ እንዳልሆነ ነገርኳት። ግን ቃሉን ወደድኩት። ልብስ ይተኮሳል፤ ከብት በጋለ ብረት ይተኮሳል፤ ጥይትም ይተኮሳል። ለዚህች ማሽን አዲስ ሥራ ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁላትም፤ ከዛሬ ጀምሮ ትተኩሳለች እላለሁ።

መስኮቱን ከፍቼ ፋኑን ወደ ውጪ አዞርኩና ለሙከራ የሚሆን ነገር ፍለጋ ገባሁ። የተዘጋጀ ሥዕል ሞልቷል፤ አንበሳ፣ መስቀል፣ አበባ። አንዱም ልቤን አላነሳሳውም። ከዚያ የእማዬ የብስኩት ቆርቆሮ ትዝ አለኝ። አባዬ ከአሰብ የጻፈላት ደብዳቤዎች ያሉበት። ወደቡ ላይ በሠራባቸው ዓመታት በየወሩ ይጽፍ ነበር፤ እኔ ያኔ ገና የአራት ዓመት ልጅ ነኝ። ከላይ ያለውን አነሳሁ። 1978 ይላል። እንደዚያ ዘመን ደብዳቤ ሁሉ ከሰላምታው በኋላ የምትመጣው መስመር አለች፦ «ከናንተ፡ናፍቆት፡በስተቀር፡ደህና፡ነኝ»። በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ አለ። እስከ መጨረሻው ድረስ ሁለት ነጥብ ሳያደርግ አንድ ዐረፍተ ነገር ጽፎ አያውቅም።

መስመሯን በስልክ አነሳሁ፣ አጠራሁ፣ ከዋንዛ ጣውላ ቁራጭ ላይ 180 ሚሊሜትር ርዝመት በ15 ሚሊሜትር ቁመት አስቀመጥኳት። ማሽኗ ሥዕል የምትተኩሰው እንደ ሸማኔ ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ በየ0.1 ሚሊሜትሩ አንድ መስመር። 150 ምልልስ፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ። መነጽሬን አድርጌ ተቀመጥኩ። የፊደላቱ ራስ ራስ ብቅ ማለት ጀመረ።

ግማሽ ላይ መብራት ሄደ።

ምን እንደቀረ ልንገራችሁ። የአማርኛ ፊደል ድምፁ በአብዛኛው ያለው እግሩ ላይ ነው። ላይኛው ግማሹ ብቻ ሲታይ «በ» ይሁን «ባ» አይለይም። ዋንዛው ላይ የቀረው እግር የሌለው መስመር ነበር፤ የአባዬ እጅ እንደሆነ ያስታውቃል፣ ምን እንዳለ ግን አያስታውቅም። መብራት ቢመጣም መቀጠል አይቻልም፤ ማሽኗ የት እንደነበረች የሚነግራት መቆሚያ አልገጠምኩላትም፣ ኃይል ከተቋረጠባት የቆመችበትን ሁሉ ዜሮ ነው ብላ ነው የምትነሳው።

በጨለማው ደብዳቤውን ይዤ ቁጭ አልኩ። የስልኬን መብራት አበራሁና ወረቀቱን ከጎን አየሁት። ብርሃን ከጎን ሲመታው ለካ ሌላ ነገር አለው። ያ ስስ የአየር ደብዳቤ ወረቀት በእስክርብቶ የተጫነበት ቦታ ሁሉ ጎድጉዷል። ገልብጬ በጣቴ ዳሰስኩት፤ ከጀርባው ፊደላቱ አብጠው ይሰማሉ። አንዳንዱ ቦታ ጠለቅ ይላል፣ አንዳንዱ ላይ እጁ እንዳልነካው ነው። «ና» በመስመሯ ሦስት ጊዜ ትመጣለች፤ ሦስቱም በዐይን አንድ ናቸው፣ በጣት ግን ይለያያሉ። የመጀመሪያዋ ራሷ ላይ ጠንክራለች፣ የመጨረሻዋ እግሯ ላይ።

ይህን ማሽኗ አልተኮሰችልኝም። ቅርጹን እንጂ አካሄዱን አላየችም። እጁ ከየት ተነሳ፣ በየት ዞረ፣ የት አረፈ፣ በሥዕሉ ውስጥ የለም። እኔም ብሆን አላውቅም። አባዬ ሲጽፍ ስንት ጊዜ አጠገቡ ተቀምጫለሁ፤ አንድም ቀን እጁን አላየሁም። ስናድግ ደብዳቤ ለጎረቤት ሁሉ የሚጽፈው እሱ ነበር፤ እኔ የማየው የሚያስጽፉትን ሰዎች ፊት ነው።

የመጀመሪያው ሌዘር የበራው በኛ አቆጣጠር ግንቦት 8 ቀን 1952 ነው፤ ካሊፎርኒያ፣ ማሊቡ ላይ፣ ቴዎዶር ማይማን ከሩቢ ዘንግ ቀይ ብርሃን ያወጣ ቀን። ዛሬ በጨለማው አሰላሁት፤ አባዬ ያኔ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ከየኔታ እግር ሥር በስንደዶ እየጠቆመ ፊደል ይቆጥራል። የኔታ ማንበብ እንጂ መጻፍ አላስተማሩትም፤ ይህን ራሱ ነግሮኛል፣ በቄስ ትምህርት ቤት መጻፍ ሌላ ሙያ ነበር። ታዲያ መጻፍን ማን አስተማረው? «ከ»ን ከየትኛው እግር ጀምር ያለው ማን ነው? ጠይቄው አላውቅም። ካረፈ እነሆ ስድስተኛ ክረምቱ ነው።

መብራት ከመጣ በኋላ ሥዕሉን ትቼ ሌላ መንገድ ያዝኩ። 18ቱን ፊደላት አንድ በአንድ ኢንክስኬፕ በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ላይ እንደ መንገድ አሰመርኳቸው። ፕሮግራሙ ራሱ እንዲያወጣው ከተተወ የእያንዳንዱን ፊደል ዙሪያ ነው የሚከብበው፣ መሐሉ ባዶ ይቀራል። እኔ የፈለግኩት እስክርብቶው የሄደበትን አንዲቷን መስመር ነው። ስለዚህ በግራ እጄ ወረቀቱን ከጀርባው እየዳሰስኩ፣ በቀኝ እጄ እየሳልኩ፣ ጠለቅ ያለበትን መነሻ፣ የላላበትን መጨረሻ አደረግኩ። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ሰኞ ሥራ እንዳለኝ ረስቼው ነበር።

ከዚያ የኃይሉ ነገር መጣ። ማሽኗ ኩርባ ላይ ስትደርስ ፍጥነት ትቀንሳለች። ኤም 4 የሚባለውን ትእዛዝ ከሰጠኋት በዘገየች መጠን ብርሃኑንም ትቀንሳለች፤ መስመሩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ቀለም ይሆናል። ኤም 3 ከሰጠኋት ብርሃኑን ሳትቀንስ ትቀጥላለች፤ የዘገየችበት ቦታ ሁሉ ይጠቁራል። በዚህ ሥራ ያለ ሰው ለሥዕል ኤም 4 ነው የሚለው፣ እኔም ለሌላ ሥራ ያንኑ እላለሁ። ለአባዬ እጅ ግን ኤም 3 ነው ትክክሉ። እሱም ኩርባ ላይ ይዘገይ ነበር፤ ቀለሙ የወፈረው እዚያ ነው። በሁለቱም ተኮስኳት። የኤም 4ቱ ንጹሕ ነው፣ የታተመ ይመስላል። የኤም 3ቱን ሳነሳ እጄ ተንቀጠቀጠ። «ቆ» ላይ፣ ከቀለበቷ ሥር፣ ወረቀቱ ላይ ያለችው ጥቁረት እንጨቱ ላይም አለች። እኔ አላስቀመጥኳትም። ማሽኗ እሱ በዘገየበት ስለዘገየች የመጣች ናት።

ነጥቦቹም ኤም 3 ግድ ይላሉ። በኤም 4 ማሽኗ ከቆመች ብርሃኑም ይጠፋል፤ ቆሞ ነጥብ መተኮስ አይቻልም። በኤም 3 ቦታው ላይ ለግማሽ ሰከንድ ታቆማታላችሁ፣ እንጨቱ ይጠቁራል፣ ትነሳለች። አራት ሁለት ነጥብ፣ ስምንት ነጥብ። ቦታቸውን ለመውሰድ በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ ሳያቸው ነው ዘጠነኛዋን ያገኘኋት።

«ደህና» ከሚለው በኋላ ሁለት ነጥብ አለ፣ እንደ ሁልጊዜው። ከሁለቱ ትንሽ ወደ ቀኝና ወደ ታች፣ ከ«ነ» በፊት፣ ሦስተኛ ነጥብ አለች። በዐይን የወረቀቱ ጉድፍ ትመስላለች። ከጀርባ ስትዳሰስ ግን ከመስመሯ ሁሉ የጠለቀችው እሷ ናት፤ ወረቀቱን ልትበሳው ምንም አልቀራትም። እስክርብቶው እዚያ ቆሞ ነበር። ተጭኖ፣ ብዙ ቆሞ ነበር። ከዚያ ተነስቶ «ነኝ» ብሎ ጻፈ።

እማዬን ጠራኋት። መነጽሯን አደረገች፣ ወረቀቱን ወደ አምፖሉ ጠጋ አድርጋ አየች። ጣቷን ከጀርባው ይዤ አስዳሰስኳት። ብዙ ዝም አለች።

«ይህን ደብዳቤ ስንቴ አንብቤዋለሁ» አለች። «አላየኋትም።»

ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ሌላ ነገር ሊጽፍ ነበር እንዴ?» አለችኝ፤ እኔ የማውቅ ይመስል። ከዚያ ወረቀቱን በእጥፋቱ አጥፋ ሰጠችኝና ቡናዋን ልታፈላ ሄደች።

አሁን ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነው። ዝናቡ አባርቷል። ጥሩውን ዋንዛ፣ ለዚህ ብዬ ሁለት ጊዜ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰለስኩትን፣ ማሽኗ ላይ አስሬዋለሁ። 18ቱ ፊደላት ገብተዋል፣ ስምንቱ ነጥቦች ገብተዋል። ይህ እንጨት የእማዬ አልጋ ራስጌ ላይ ነው የሚሰቀለው፤ በየቀኑ ታየዋለች። ዘጠነኛዋን ነጥብ አንድ ጊዜ ጻፍኳት፣ አጠፋኋት፣ እንደገና ጻፍኳት። ግማሽ ሰከንድ ለእሷ አይበቃትም፤ ከሌሎቹ ሁሉ የጠለቀች ናት። ስንት ሰከንድ ልስጣት? ወይስ አባዬ ራሱ አልፏት «ደህና ነኝ» ካለ፣ እኔም ልለፋት?