ቁርስ በሰሜን ተራሮች

ትናንት ማታ ግጭ ካምፕ አደርን። 3,600 ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ስነሳ ድንኳኑን አመዳይ አልብሶታል። ጣቶቼ ደንዝዘው ዚፑን መክፈት አቃታቸው።

ባለፈው ጉዞ ቅንጬ ስንቀቅል ጋዛችን በሁለተኛው ቀን አለቀ። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ 88 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ ቢንተከተክም ቶሎ አያበስልም። ዘንድሮ ግን ሙዝሊ የሚባለውን የአጃ ድብልቅ ከቤት አሰናድቼ መጣሁ። ለአንድ ቁርስ ግማሽ ኩባያ የተዳመጠ አጃ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የዱቄት ወተት፣ አንድ እፍኝ ለውዝና ዘቢብ፣ ትንሽ የተቆላ ሰሊጥ፣ ቁንጥር ጨው። አጃውን በደረቅ መጥበሻ አመስ አመስ አድርጉት፤ ሽታው ሌላ ነው! እያንዳንዱን ቁርስ ለብቻው በላስቲክ ቋጠርኩት። ጠዋት ከፔርሙስ ሙቅ ውሃ ጨመርኩበት፣ አምስት ደቂቃ ከደንኩት፣ በቃ።

ስካውታችንን፣ አብረውን የሚጓዙትን የፓርኩን ጠባቂ፣ «ጋሼ፣ ቁርስ ይብሉ» አልኳቸው።

«ረቡዕ አይደለም እንዴ ልጄ!»

ደግነቱ ወተት የሌለው ሁለት ቋጥሬ ነበር። ተቀብለው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። የእመት ጎጎን ጫፍ አይተን ጨነቅ ካምፕ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በቀዝቃዛ ውሃ አርሰው በሉት። ከዚያ ከከረጢታቸው በሶ አውጥተው፣ በጣሳ በጥብጠው ሰጡኝ። እሳት አያስፈልገው፣ ሙቅ ውሃ አያስፈልገው። የገብሱ ሽታ ብቻውን ያጠግባል።

ነገ ጠዋት ሁለት ማንኪያ በሶ ሙዝሊው ላይ እጨምራለሁ። እንዴት እንደሆነ እነግራችኋለሁ።