ቡቺ እንዳያጉረመርም ያስተማርኩት እኔ ነበርኩ

ቤታችን ደብረ ብርሃን ዳር፣ ነፋሱ በማያርፍበት ሜዳ ላይ ነው። ቡቺን ጡት እንደጣለ ከመንዝ ያመጣሁት ሌሊት ጅብ በጎቻችንን እንዳይደፍር ብዬ ነበር። ስድስት ዓመት ጠበቀልን። በፋሲካ ዕለት ግን የአራት ዓመት ልጄን ጉንጯ ላይ ነከሳት።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ሲባል እየሰማን ላደግን ሰዎች፣ የቤት ውሻ የቤቱን ልጅ ነከሰ ማለት የሚዋጥ ነገር አይደለም። ጎረቤቶች ወዲያው «አብዷል» አሉ፤ አንዱ ፍልጥ ይዞ መጣ። እናቴ ደሙን ለማቆም የቡና ዱቄት ይዘው ደረሱ። «እማዬ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» ብዬ ልጄን ወደ ቧንቧ ወሰድኳትና ቁስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ አጠብኩት። ይህን የነገረችን ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነበረች፤ ውለታዋን አልረሳም። የእብድ ውሻ በሽታ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይጓዛል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ፊት ደግሞ ለአንጎል ቅርብ ነው። መጀመሪያ የሄድንበት ጤና ተቋም ክትባት አልነበረውም፤ ሁለተኛው ዘንድ አገኘን። በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ14ኛውና በ28ኛው ቀን የተቀጠረላትን መርፌ አንዱንም አላሳለፍንም።

ቡቺ እንዲገደል አልፈቀድኩም። አስሬ 10 ቀን ጠበቅኩት። የነከሰ ውሻ እስከዚያ ድረስ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ በነከሰበት ቀን በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ቡቺ በላ፣ ጠጣ፣ ጭራውን ቆላ። አላበደም።

ታዲያ ለምን ነከሳት? በእነዚያ ቀናት ፊት ለፊቱ ተቀምጬ የሆነውን አንድ በአንድ አስታወስኩ። በሁዳዴ 55 ቀን እኛ ቤት አጥንት የሚባል አልነበረም፤ እኛ ስንጾም እርሱም አብሮን ጾሟል። በፋሲካ የበግ ቅልጥም ሰጠሁት። ልጄ ከኋላው ሮጣ አንገቱን አቀፈችው። ለእርሷ ፍቅር ነው፤ ለእርሱ ግን አጥንቱን ሊነጥቀው የመጣ ሰው ያዘው ማለት ነው። ቁመቷ ከአፉ ጋር እኩል ስለሆነ ጥርሱ ያረፈው ፊቷ ላይ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ሌላው ነው። በዚያው ጾም ውስጥ፣ ልጄ ወደ ሳህኑ ስትጠጋ ሁለት ጊዜ አጉረምርሞባት ነበር። ሁለቱንም ጊዜ «በልጅ ላይ!» ብዬ በዱላ መታሁት። ከዚያ ወዲህ ማጉረምረሙን ተወ፤ እኔም ለባለቤቴ «ተምሯል» አልኳት። የተማረው ዝም ማለትን ብቻ ነበር። ማጉረምረም ውሻ «አትቅረቡኝ» የሚልበት ቃሉ ነው፤ ያንን ቃል ከአፉ የነጠቅኩት እኔ ነኝ። ከማጉረምረም በፊትም ሌላ ቋንቋ አለው፦ ሰውነቱ ይደርቃል፣ ፊቱን ያዞራል፣ ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ይልሳል፣ እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል፣ የዓይኑ ነጭ ጎልቶ ይታያል። ስድስት ዓመት አብሬው ስኖር አንዱንም አላነበብኩም።

ዱላውን ጣልኩ። ከግቢው ጥግ በባሕር ዛፍ አጣና አጠርኩለት፤ የሚበላውም የሚተኛውም እዚያ ነው፣ ብቻውን። ልጄ ሲበላና ሲተኛ እንዳትጠጋው፣ ሲያሻት ከሩቅ እንድትጠራውና እርሱ እስኪመጣ እንድትጠብቅ አስተማርኳት። የአራት ዓመት ልጅ ግን ትረሳለች፤ ስለዚህ ትልቅ ሰው አጠገባቸው ሳይኖር ለደቂቃም አንተዋቸውም። ሲያጉረመርም መጀመሪያ ልጄን አነሳለሁ፣ ምክንያቱን የምፈልገው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቀን ምክንያቱ ጆሮው ሆኖ ተገኘ፤ አብጦ ነበር፣ የእንስሳት ሐኪም መድኃኒት ሰጠው። ክትባቱንም በየዓመቱ አስወጋዋለሁ።

ባለፈው ፋሲካ ቅልጥሙን ከአጥሩ ወዲያ አኖርኩለት። ልጄ ደጃፉ ላይ ቆማ ስታየው ቆየችና «አባዬ፣ እያጉረመረመ ነው» አለችኝ። እጇን ይዤ ወደ ቤት ገባን።