ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት የሚወድቅ ቴስት

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ለሚመላለሱ የሞተር ጀልባዎች የተሳፋሪ መዝገብ የሚይዝ አነስተኛ ፕሮግራም በፓይተን እየሠራሁ ነው። ሰሞኑን ላፕቶፕ በመቀየሬ የሥራውን አካባቢ እንደ አዲስ ማዘጋጀት ግድ ሆነብኝ። ኮዱን በጊት ማውረድ፣ ለፕሮጀክቱ ብቻ የሚሆን ቨርችዋል ኢንቫይሮመንት (የተለየ የፓይተን መሥሪያ ቦታ) መክፈትና ቴስቶችን፣ ማለትም ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሹ አጫጭር ኮዶችን፣ የሚያስኬደውን ፓይቴስትን መጫን ኢንተርኔት ላለው ሰው የጥቂት ደቂቃዎች ሥራ ነው። እኔ የምኖርበት ሰፈር ግን መብራቱ ሲሄድ ኢንተርኔቱም አብሮት ስለሚሄድ፣ ፓኬጆቹን ሁሉ በ«ፒፕ ዳውንሎድ» ትእዛዝ አስቀድሜ ፍላሽ ላይ አስቀምጬ የምጭነው ከዚያው ነው። መዝገቡ የሚቀመጥበትን ዳታቤዝ በኮንቴይነር፣ ማለትም ከላፕቶፑ ተለይቶ በራሱ ቅንብር በሚሠራ የሶፍትዌር ሣጥን፣ ውስጥ አስነሣለሁ።

ማታ ቴስቶቹን ሳስኬድ ሁሉም አለፉ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ አንድ የፊደል ግድፈት አርሜ ደግሜ ሳስኬድ ግን፣ ዛሬ የተመዘገበ ተሳፋሪ በዛሬው ዝርዝር ውስጥ መገኘቱን የሚያረጋግጠው ቴስት ወደቀ። እርማቱን ብመልሰውም፣ ቨርችዋል ኢንቫይሮመንቱን አጥፍቼ ከፍላሹ እንደገና ብጭንም የመጣ ለውጥ አልነበረም። ጠዋት ምንም ሳልነካ ባስኬደው አለፈ፤ ይህ ደግሞ ከመውደቁ የባሰ አስጨነቀኝ።

ሦስት ሌሊት ካመሸሁ በኋላ ነገሩ ተገለጠልኝ። ላፕቶፑ የሚሠራው በኢትዮጵያ ሰዓት ሲሆን ኮንቴይነሩ ግን 3 ሰዓት ወደኋላ በሚቀረው ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) ነው። ስለዚህ በላፕቶፑ ላይ ቀኑ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲለወጥ፣ ዳታቤዙ እስከ 9 ሰዓት ድረስ ትናንት ላይ ይቆያል፤ ኮዴም ሲመዘግብ አንዱን ሰዓት፣ ሲፈልግ ሌላውን ይጠይቅ ነበር። (ቀኑ የሚጠባው ከንጋት ጋር ነው ብሎ ለሚቆጥረው ጀልበኛ እንደሆነ ሁለቱም ተሳስተዋል።)

የኮንቴይነሩን ሰዓት ወደ አዲስ አበባ መለወጥ ቀላል ነበር፤ ሆኖም ስሕተቱን ከመሸፈን ያለፈ ስለማይሆን አልመረጥኩትም። ይልቁንም የሚመዘግበውም የሚፈልገውም የኮዱ ክፍል ቀኑን ራሳቸው ከመጠየቅ ይልቅ ከውጭ እንዲቀበሉ አድርጌ፣ ለቴስቶቹ አንድ የማይለወጥ ቀን ሰጠኋቸው። የመረጥኩት ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን ነው፤ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ማለት ነው። ስድስተኛዋ ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ ብቻ ስለምትመጣ፣ እንቁጣጣሽን ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ የሚያውል ኮድ እዚያ ቀን ላይ መያዙ አይቀርም።

የእኔውም ተያዘ፤ ደኅና ነበሩ ያልኳቸው ሁለት ቴስቶች በዚያው ሌሊት ወደቁ።