ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ፦ ለአሮጌ የብረት ጀልባ ገንዘብ ስንፈልግ

ከባሕር ዳር ወደብ ጎርጎራ ለመድረስ ዘጌን፣ ደቅን፣ ቁንዝላንና ደልጊን እየነኩ መሄድ ነው። ያስነሳን ዳር ላይ ቆሞ የሚዝግ አንድ አሮጌ የብረት ጀልባ ነው፤ ለጥገናው ከማን፣ መቼ፣ ለምን ገንዘብ እንደሚጠየቅ ለማጥናት ወጣን። በየወደቡ የሚቀድመው ጥያቄ «ቀለሙን መቼ ትቀቡታላችሁ?» የሚል ነው። ለቀለም የሚሰጥ ሞልቷል፤ ለሞተርም አይጠፋም። የመጀመሪያው ብር መዋል ያለበት ግን ማንም በማይጠይቀው ነገር ላይ ነው፦ የብረቱን ውፍረት በማስለካት።

አለካኩ ቀላል ነው። ዝገቱ ሳንቲም የምታህል ቦታ ላይ ብረቱ እስኪያብረቀርቅ ይፋቃል፣ ጄል ይቀባል፣ በድምፅ ሞገድ ውፍረት የሚለካው የአልትራሳውንድ መሣሪያ ጫፍ ሲያርፍበት ቁጥሩ ይወጣል። ድሮ 6 ሚሊሜትር የነበረ ላሜራ 4.5 ካሳየ ሩቡ ሄዷል፤ ይቀየር። ቀድሞ የሚበላው ውሃና አየር የሚገናኙበት መስመር ነው። አታላዩ ግን ከሞተሩ ሥር ያለው ወለል ነው፤ ዘይት የተቀላቀለበት ውሃ ዓመታት ተኝቶበት ከውስጥ ይበላዋል። ከውጭ ደህና ይመስላል፤ በትንሽ መዶሻ ሲመቱት ግን እንደ ጤነኛ ብረት አይጮህም፣ ድፍን ይላል።

የድሮ ጀልባ በሪቬት፣ ማለትም ላሜራዎቹን በሚያጣብቅ የተቀጠቀጠ የብረት ችንካር፣ የተያያዘ ከሆነ አጠገቡ መበየድ ጣጣ አለው። ሙቀቱ ሪቬቱን ያላላውና ጀልባው ውሃ ሲገባ ማንጠባጠብ ይጀምራል። በሳሳው ላይ ሌላ ላሜራ ደርቦ መበየድም ለጊዜው ርካሽ ነው፤ በመሀል የሚቀረው እርጥበት ሁለቱንም ይጨርሳቸዋል። ከጀልባው ጋር ታስሮ በብረቱ ፋንታ የሚበላው አኖድ ደግሞ ማግኒዥየም ይሁን። ለባሕር የሚሸጠው ዚንክ ጨው በሌለው የጣና ውሃ እምብዛም አይሠራም።

ባለ 6 ሚሊሜትር ላሜራ በካሬ ሜትር 47 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 20 ካሬ የሚቀየር ከሆነ 940 ኪሎ ነው፤ ለቁርጥራጭ 15 በመቶ ሲጨመር ወደ 1,080 ኪሎ ይደርሳል። ግምቱ በኪሎ፣ በሊትርና በሥራ ቀን ይጻፍ። የውጭ ምንዛሪ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር ብቻ የተጻፈ ግምት ቶሎ ያረጃል። ለጋሹም «የአንድ ካሬ ላሜራ ይችላሉ?» ሲባል ምን እንደገዛ ያውቃል።

ከሁሉ የሚከብደው ወቅቱ ነው። ጣና መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይጎድላል። በሙላቱ ወደ ዳር የተሳበ ጀልባ ውሃው ሲሸሽ ደረቅ ላይ ይቀራል፤ ብየዳውም ቀለሙም ክረምት ሳይገባ ያልቃል፣ በሚቀጥለው ሙላት ይንሳፈፋል። ስለዚህ ገንዘቡ ነሐሴ ላይ ባንክ መግባት አለበት። ገንዘቡ ጥር ላይ ቢሞላ የሚቀጥለውን ሙላት መጠበቅ ነው። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ የሚያስጠግኑ በዚህ ይሻላቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ በደረሰው የአንድ ሜትር ስፋት ሐዲድ ላይ የሄደውን ዓይነት ባቡር ጣሪያ ሠርተውለት ብሩ እስኪሞላ ማቆም ይቻላል። የእነሱም ፈተና ያው ነው፦ ሰው ለሚያብረቀርቀው ይሰጣል፣ ገንዘቡን የሚበላው ግን እንፋሎቱ የሚፈላበት ቦይለር ነው።

ከልመናው በፊት ወረቀት ይቅደም። የጀልባው ባለቤት በጽሑፍ ካልተስማማ የተጠገነው ጀልባ የማን እንደሚሆን አይታወቅም። ቅርስ ተብሎ ከተመዘገበ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ አይነካም። ማኅበር የሚያቋቁሙ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይመዝገቡ፤ ሒሳቡ በሦስት ፈራሚ ይንቀሳቀስ። ቶምቦላም ፈቃድ ይፈልጋል። እራት አዘጋጅቶ ጨረታ ማውጣት ያምራል፤ ጭብጨባው ሲያልቅ ግን ቃል የተገባው ሁሉ አይገባም። በእጅ ያልገባ ብር ተቆጥሮ ላሜራ አይታዘዝም። ከጠቅላላው 20 በመቶ ለድንገተኛ ወጪ ይቀመጥ፤ ብረት ሲፈታ ያልታየ ጉድ ይወጣል። የዘበኛ ደመወዝም አይረሳ። የነሐስ ቫልቭ ከተፈታ በኋላ ቁጥር ተለጥፎበት፣ ፎቶ ተነሥቶ ካልተቆለፈበት ለቁራሌው ይተርፋል።

በጉዞው መጨረሻ የምትገኘው ጎርጎራ በገበታ ለሀገር መዋጮ ከለሙት ሥፍራዎች አንዷ ናት። እዚያ «ሞተር እንሰጣችኋለን» የሚል ቢመጣ ፈረስ ጉልበቱ የተለካበት ከፍታ ይጠየቅ። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ዲዝል ከጉልበቱ አንድ ስድስተኛ ያህሉን ያጣል፣ ጥቁር ጭስም ያበዛል። እንቦጭ ደግሞ የማቀዝቀዣውን ውሃ መግቢያ ይዘጋዋል፤ እያወጡ የሚያጸዱት ድርብ ወንፊት ያስፈልጋል። ስጦታው ላይ ወንፊቱ ከሌለ ዋጋው ከዝርዝሩ ውስጥ ይግባ።