በ30,000 ብር ጅማ ላይ ኮምፒውተር እንዴት ገጣጠምኩ?

መጀመሪያ የገዛሁት ግራፊክስ ካርዱን (ምስልና ቪዲዮ የሚያቀናብረውን ፓርት) ነው። ስህተቴም የሚጀምረው ከዚያው ነው።

ሥራዬ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ነው። ላፕቶፔ አንድ ቪዲዮ ለማውጣት ሌሊቱን ሙሉ ይፈጅ ነበር። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ መሀል ላይ መብራት ከሄደ እንደገና ከዜሮ ነው። እንደምንም 30,000 ብር አጠራቀምኩ። በዚህ ብር አዲስ ኮምፒውተር አይታሰብም። ያገለገለ ፓርት እየለቃቀምኩ ልገጣጥም አልኩ።

አንድ ቀን ቴሌግራም ላይ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ግራፊክስ ካርድ በ6,500 ብር አየሁ። ሌሎች ሻጮች ለዚያው ካርድ 10 እና 11 ሺህ ይሉ ነበር። ሻጩ አዲስ አበባ ነው። ብሩን በቴሌብር ላክሁ፣ ዕቃው በማግስቱ በአውቶብስ ጅማ ገባ። ግን የምሰካበት ኮምፒውተር ገና አልነበረኝም። ሦስት ሳምንት ካርቶኑ ውስጥ ተቀመጠ።

በኋላ ጓደኛዬ ቤት ሰክተን የካርዱን እውነተኛ ማንነት የሚያሳየውን ጂፒዩ-ዚ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ከፈትን። ከካርዱ ስም አጠገብ «ፌክ» ብሎ ጻፈ። ውስጡ ያለው በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው የጂቲኤስ 450 ቺፕ ነው። ባዮሱን (ካርዱ ውስጥ ያለውን መነሻ ፕሮግራም) ቀይረው በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣውን ካርድ ስም ሰጥተውታል። ሻጩ ጋ ስደውል ብሎክ አድርጎኛል።

በጣም ያናደደኝ ከማስታወቂያው ፎቶ ብቻ ልነቃበት እችል የነበረ መሆኑ ነው። ካርዱ ላይ ሰማያዊ የቪጂኤ (የድሮ ሞኒተር ገመድ) መሰኪያ ይታያል። የ1050 ቲአይ ቺፕ ደግሞ በቪጂኤ የሚሄደውን የአናሎግ ሲግናል አያወጣም። 1050 ቲአይ ተብሎ ቪጂኤ ያለው ካርድ ካያችሁ ዝም ብላችሁ እለፉት።

ከዚያ ወዲህ ሳልፈትን ብር አልከፍልም። ለመፈተን ደግሞ ማሽን ያስፈልጋል። ስለዚህ ፓርት መልቀሙን ተውኩና ሙሉ ኮምፒውተር ፍለጋ ገባሁ።

ያገኘሁት ሂርማታ አካባቢ ኢንተርኔት ቤት ከነበራቸው አንድ ሐጂ ነው። ሰው ሁሉ በስልኩ ኢንተርኔት ሲጠቀም ቤቱን ዘግተው ሱቅ አድርገውታል። ስድስት ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ግድግዳ ተደግፈው አቧራ ለብሰዋል።

«ሐጂ፣ እነዚህን ይሸጧቸዋል?»

«እሸጣለሁ እንጂ ልጄ፣ ቦታ ይዘውብኛል። አራቱ ይሠራሉ። ሁለቱ ሞተዋል፣ ለፓርት ይሆናሉ።»

ይህ ማሽን ቢሮዎች ሲጠቀሙበት የነበረ ነው፤ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ግን ትልቅ ዕቃ ነው። ፕሮሰሰሩ አይ5-4570፣ አራት ኮር ያለው። ትልቁ ኬዝ ስለሆነ መደበኛ ግራፊክስ ካርድ ይገባበታል። ቀጭኑን ኬዝ ብገዛ ኖሮ አጭር ካርድ ፍለጋ ስንከራተት እከርም ነበር። ፓወር ሰፕላዩ (ለፓርቶቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው) 290 ዋት ነው። 1050 ቲአይ የሚፈልገው 75 ዋት ነው፤ አብዛኛው ሞዴል ያንን ከማዘርቦርዱ (ፓርቶቹ ሁሉ ከሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ስለሚወስድ ተጨማሪ ገመድ አይጠይቅም።

አንድ መጥፎ ነገር አለው። የዴል ማዘርቦርድ የራሱ ባለ 8 ፒን መሰኪያ ስላለው ገበያ ላይ ያለ ተራ ፓወር ሰፕላይ በቀጥታ አይገባለትም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ያየሁት ፓወር ሰፕላዩን ነው። ግማሽ ሰዓት አስነስቼ አሸተትኩት፣ ሙቀቱን በእጄ ነካሁት፣ ድምፁን አዳመጥኩ።

ዋጋ ስንከራከር የያዝኩት ነጥብ ዊንዶውስ ነበር። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ይህን ፕሮሰሰር በይፋ አይቀበልም። ሐጂም ገባቸው። ከ15,000 ጀምረው ከነሞኒተሩ በ13,000 ብር ተስማማን።

ከዚያ ሞተዋል ያሏቸውን ሁለቱን ከፈትኩ። አንዱ የተቃጠለ ይሸታል፣ እሱ በቃ አልቆለታል። ሌላው ግን ማስነሻው ሲጫን መብራቱ ብርቱካናማ ሆኖ ብልጭ ድርግም ይላል። ራሙን (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታውን) ነቅዬ ሳየው እግሮቹ ጠቁረዋል። የጅማን ዝናብና እርጥበት የሚያውቅ ይህን ያውቀዋል። የተማሪ ላጲስ ከሱቃቸው ወስጄ ቀስ ብዬ ፈተግኩት፣ መልሼ ሰካሁት። ተነሳ።

ዝም ብል ለፓርት በሚባል ዋጋ ሁለተኛ ኮምፒውተር ይዤ እወጣ ነበር። ነገርኳቸው። ትንሽ አዩኝና ቡና አስፈሉ። ከተቃጠለው ማሽን ሁለት ባለ 4 ጊጋ ራም በ1,500 ብር ሰጡኝ። የእኔ ማሽን 8 ጊጋ ነበረው፤ ማዘርቦርዱ አራት የራም ቦታ ስላለው 16 ጊጋ ሞላልኝ። በየሳምንቱ ሄጄ ሰላም የምላቸው ወዳጄ ሆነው ቀሩ።

ኤስኤስዲውን (ፋይል የሚቀመጥበትን ፈጣን ዲስክ) የገዛሁት ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ በር ላይ ነው። ሰኔ ላይ ተመራቂዎች ወደየአገራቸው ሊገቡ ሲሉ ዕቃቸውን ይሸጣሉ፤ ሻንጣ ሊቀንሱ ስለሚፈልጉ ብዙ አይከራከሩም። 480 ጊጋ የላፕቶፕ ኤስኤስዲ በ4,500 ብር አገኘሁ። ባለ 2.5 ኢንቹ ኤስኤስዲ ዴስክቶፕ ላይም ይሠራል። የላፕቶፕ ራም ግን አጭር ስለሆነ አይገባም፣ በእሱ እንዳትሸወዱ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ፕሮግራም በፍላሽ ይዤ ነበር የሄድኩት። የሻጩ ተማሪ ላፕቶፕ ላይ ከፍተን ጤንነቱ 91 በመቶ መሆኑን አየን፣ እዚያው ከፈልኩ።

ሁለተኛውን ግራፊክስ ካርድ የገዛሁት አጂፕ አካባቢ ጌም መጫወት ካቆመ ልጅ ነው። ኮምፒውተሬን በባጃጅ ጭኜ ቤቱ ድረስ ሄድኩ። አባቱ በሩ ላይ ቆመው ምንድን ነው ብለው አዩኝ። ሰካሁት፣ ጂፒዩ-ዚ ትክክለኛውን ቺፕ አሳየኝ። ከዚያ የቆየ የሠርግ ቪዲዮ ኤክስፖርት አድርጌ ሃያ ደቂቃ ጠበቅኩ። ማራገቢያው ትንሽ ይጮሃል። በእሱ ምክንያት ከ11,000 ወደ 9,000 ወረደልኝ። ቤት ወስጄ ፈትቼ ሳጸዳው ጩኸቱ ቆመ።

ሲደመር 28,000 ብር ሆነ። የተበላሁት 6,500 ሲጨመርበት 34,500። የቀረውን ከወንድሜ ተበድሬ በሁለት ሠርግ ከፈልኩት።

ሐጂ ጋ አሁንም አራት የሚሠሩ ማሽኖች አሉ። አንዱ በተነሳ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ እየተመለሰ ያስቸግራል፣ ስለዚህ ገዢ ይሸሸዋል። የሚፈልገው ሲአር2032 የምትባለዋን ትንሽ ክብ ባትሪ መቀየር ብቻ ነው። ነግሬያቸዋለሁ፤ ቅዳሜ ሄጄ እቀይርላቸዋለሁ።