ከአምስት ዓመት በፊት መመሪያው ላይ የጻፍኳት መስመር

ዛሬ ሐሙስ ነው። እራቴን ሳልበላ ነው ይህን መጻፍ የጀመርኩት። ካደረ ይቀዘቅዝብኛል ብዬ ፈራሁ።

ባለፈው ወር ቡድናችን ውስጥ አንዲት ልጅ ገብታለች። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ገና ዓመት አልሞላትም። ጎበዝ ናት። ያልገባትን ሳታፍር ትጠይቃለች፣ የተነገራትን ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። ሰኞ ዕለት ሁለት ፕሮጀክት ተሰጣት። አንደኛው የቆየ ነው፤ ጃቫስክሪፕት ኮድ የሚያስኬደው ፕሮግራም፣ ኖድ፣ 16ኛ ቨርዥኑ ላይ ነው የሚሠራው። ሌላው አዲስ ነው፤ ኖድ 22 ይፈልጋል። ሁለቱን አንድ ላፕቶፕ ላይ ለማስኬድ የኖድ ቨርዥኖችን የሚያቀያይረውን ኤንቪኤም መጫን ነበረባት። ለለመደው ሰው የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

ዛሬ ጠዋት ከቢሮው ሥር ያለችው ጀበና ቡና ጋ አገኘኋት። ቡናዋ ሳትነካው ቀዝቅዟል። «ምነው?» አልኳት።

«ማክሰኞንም ረቡዕንም እሱ ላይ ነው የዋልኩት» አለችኝ። «አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይመጣል። እኔ እንጃ፣ ይሄ ሥራ የኔ አይደለም መሰለኝ።»

የመጨረሻዋ ነገር አንጀቴን በላችው። ላፕቶፑን እዚያው በርጩማ ላይ ከፈትነው።

ተርሚናሉ (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ገና ሲከፈት ኤንቪኤም ይጮኻል። «ኤንፒኤም ኮንፊግ ፕሪፊክስ» የሚባል ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል (ፕሮግራሞች የሚያነቡት ቅንብር) ተቀምጧል፣ ከሱ ጋር አልስማማም፣ «አንሴት» በሚባለው ትዕዛዝ አጥፉት ይላል። ታጠፋዋለች። ቀጥሎ ሌላ ይመጣል። ሆም ፎልደርሽ ውስጥ ያለው የኤንፒኤም (የኖድ ፓኬጆች መጫኛ) ኮንፊግ ፋይል የፕሪፊክስ መስመር አለበት፣ እሱንም አንሺ ይላታል። የሚነሳበትን ትዕዛዝ ራሱ ጽፎ ይሰጣታል። ትዕዛዙን ገልብጣ ታስገባለች። ኖድ 22 ይነሳል። ደስ ይላታል። ከዚያ አዲስ ተርሚናል ትከፍታለች። የመጀመሪያው ጩኸት እዚያው አለ።

ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። ሁለት ቀን ሙሉ።

ረቡዕ ከሰዓት ምናልባት አዲስ ሰው ላፕቶፑን የሚያዘጋጅበትን የቡድኑን መመሪያ አንድ ቦታ ዘልዬው ይሆናል ብላ ከአንደኛው መስመር ጀምራ ደግማ ሠራችው። የጠፋው የፕሪፊክስ መስመርም ተመልሶ መጣ። ይህን ስትነግረኝ ነው የሆነ ነገር ውስጤን ቆንጠጥ ያደረገኝ።

«እስቲ ፕሮፋይል የሚለውን ፋይል ክፈችው» አልኳት። በነጥብ የሚጀምረውን፣ ሆም ውስጥ ተደብቆ የሚቀመጠውን። ከፈተችው። የፋይሉ መጨረሻ ላይ ፕሪፊክስን ኤክስፖርት የምታደርግ መስመር አለች። ከሥሯ ደግሞ ያንኑ ፎልደር ፓዝ (ትዕዛዞች የሚፈለጉባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) ውስጥ የምታስገባ ሌላ መስመር።

«ይሄን ማን ጻፈው?»

«ከመመሪያው ነው የወሰድኩት። አራተኛው ተራ ላይ አለ።»

መመሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የዛሬ አምስት ዓመት።

ለምን እንደጻፍኳት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ያኔ ሁላችንም ኡቡንቱ ሊኑክስ ላይ ኖድን በአፕት፣ በኡቡንቱ በራሱ የፕሮግራም መጫኛ፣ ነበር የምንጭነው። አንድ ፓኬጅ ግሎባል አድርገህ፣ ማለትም ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ ሳይሆን ለሁሉም፣ ልትጭን ስትል የፈቃድ ስህተት ይመጣል። ፎልደሩ የሩት፣ የኮምፒውተሩ ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ፣ ነው፤ አንተ መጻፍ አትችልም። ሰው ሁሉ «በሩት ሥልጣን አስኪድ» የምትለዋን ሱዶ ከፊቱ እየጨመረ ያልፈው ነበር። ይህ ደግሞ አደገኛ ነው። ፓኬጅ ሲጫን የራሱን ስክሪፕት ሊያስኬድ ይችላል፤ ከማታውቀው ሰው የመጣ ኮድ ላፕቶፕህ ላይ በሩት ሥልጣን ሊሠራ ነው ማለት ነው። የኤንፒኤም ሰነድ ራሱ ከሚሰጣቸው መፍትሔዎች አንዱ ግሎባል ፓኬጆች የሚቀመጡበትን ቦታ ሆም ውስጥ ወዳለ ፎልደር ማዞር ነበር። ፕሪፊክስ ማለት ይኸው ነው። ግሎባል ነገር ሁሉ የት እንደሚሄድ የሚናገር አድራሻ። እኔም መመሪያው ላይ አስገባኋት። ለማንኛውም ብዬ ደግሞ ሁለት ቦታ አደረግኳት፤ በኮንፊግ ፋይሉም በኢንቫይሮመንት ቫሪያብልም።

በጊዜው ትክክል ነበረች። አሁንም አንድ ኖድ ብቻ ላለው ሰው ትክክል ናት። ከጎኗ ግን ለምን እንደተቀመጠች አንድ ቃል አልጻፍኩም።

ኤንቪኤም ሲመጣ ነገሩ ይቀየራል። እያንዳንዱ የኖድ ቨርዥን የራሱ ፎልደር አለው፤ የራሱ ኤንፒኤም፣ የራሱ ግሎባል ፓኬጆች። 16ን ስትመርጥ የ16 ፎልደር ፓዝ ላይ ከፊት ይሰለፋል፤ 22ን ስትመርጥ የ22። ሼሉ (ተርሚናሉ ውስጥ ትዕዛዝ የሚቀበለው ፕሮግራም) አንድ ትዕዛዝ ሲሰጠው ፓዝ ላይ ያሉትን ፎልደሮች ከመጀመሪያው ጀምሮ በተራ ያያል፣ መጀመሪያ ያገኘውን ይዞ ይሮጣል። የኤንቪኤም ሥራ በአብዛኛው ይህን ሰልፍ ማስተካከል ነው። ለብቻው የቆመ ፕሮግራም እንኳ አይደለም፤ ተርሚናሉ ሲከፈት አብሮ የሚነበብ የሼል ፈንክሽን ነው። ለዚህም ነው «ዊች ኤንቪኤም» ብላችሁ ስትጠይቁት ምንም የማይመልሰው። እሷም ይህን አይታ አልተጫነም ብላ ሁለት ጊዜ እንደገና ጭናዋለች።

እንግዲህ ፕሪፊክስ አንድ ቦታ ላይ ከተቸነከረ ቨርዥን ብትቀይርም ግሎባል ፓኬጆቹ አይቀየሩም። 16ም 22ም ከአንድ ጎተራ ይበላሉ። ይህ ብዙ ጊዜ ችግር የሌለው ይመስላል፤ አንድ ቀን ግን ይፈነዳል። በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ክፍል ያላቸው ፓኬጆች አሉ። ሲጫኑ ለዚያው የኖድ ቨርዥን ኮምፓይል ይደረጋሉ፤ ወደ ማሽን ቋንቋ ይቀየራሉ ማለት ነው። ኖድ ለዚህ የሚጠቀምበት ቁጥር አለው፤ የ16 ቁጥር 93 ነው፣ የ22 ደግሞ 127። በ93 የተሠራውን 127 ይዞ ልነሳ ሲል «ይህ የተሠራው ለሌላ ቨርዥን ነው» ብሎ ይወድቃል። ኤንቪኤም ከመነሻው እምቢ የሚለው ሰውን ከዚህ ለማዳን ነው። እኔ እልኸኛ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ለሷ ሳስረዳ ነው ምን ያህል አሳቢ እንደሆነ የታየኝ።

ሁለቱን መስመሮች ከፕሮፋይሉ አጠፋን። የኮንፊግ ፋይሉንም አጸዳነው። ሙሉ በሙሉ አላጠፋነውም፤ ለሌላ ሥራ የሚያስፈልግ የመግቢያ ቁልፍ ነበረበት፣ የፕሪፊክሷን መስመር ብቻ ነው ያነሳነው። ከዚያ አዲስ ተርሚናል ከፈተች።

ያው ጩኸት።

ፊቷን አየሁት። «አየህ?» አለችኝ። ድምፅዋ ሊሰበር ደርሷል።

እዚህ ላይ እኔም ትንሽ ግራ ገብቶኝ ነበር፤ ቆይቶ ነው ትዝ ያለኝ። ፕሮፋይል የሚነበበው ጠዋት ኮምፒውተሩ ውስጥ ሎግ ኢን ስታደርግ ነው። ያኔ የተነበበውን ቫሪያብል ዴስክቶፑ ይዞት ይውላል። ከዚያ በኋላ የምትከፍተው ተርሚናል ሁሉ ከሱ ይወርሳል። ፋይሉን ብታጸዳውም የወረሰው ወርሷል። «ሎግ አውት አድርጊና ተመልሰሽ ግቢ» አልኳት። ወጣች፣ ገባች፣ ተርሚናል ከፈተች።

ዝም።

እንዲህ ያለ ዝምታ ደስ ይላል። ሁለታችንም ትንሽ ጊዜ ባዶውን መስመር ዝም ብለን አየነው። ቡና የምታፈላው እህታችን «አለቀ?» ብላ ጠየቀችን። አላለቀም ነበር።

ድሮ በፕሪፊክሱ በኩል የተጫኑት ነገሮች የትም አልሄዱም። ሎግ አውት ከማድረጓ በፊት ፓዝ ላይ የነበረው ፎልደር ዲስኩ ላይ አሁንም አለ፤ ውስጡም አሮጌ ታይፕስክሪፕት (ኮድን ወደ ጃቫስክሪፕት የሚቀይር መሣሪያ) ተቀምጧል። ረቡዕ ዕለት አዲሱን ፕሮጀክት ያስቸገራትም ይኸው ነው። ኖድ 22 ሥር ታይፕስክሪፕት አልነበረም፤ ሼሉ ሰልፉን እየወረደ ሄዶ ያገኘው አሮጌውን ነው። አዲስ ኖድ፣ አሮጌ ታይፕስክሪፕት። ስህተቱን የምታየው ኮዱ ላይ ነው፤ ጥፋቱ ያለው ሌላ ቦታ። እንዲህ ሲሆን «ታይፕ ማይነስ ኤ» የምትባለዋ ትዕዛዝ ባለውለታ ናት። ያ ስም ያላቸውን ፓዝ ላይ ያሉትን ሁሉ በሰልፋቸው ተራ ትዘረዝራለች። አንድ መስሎህ ሦስት ሆኖ ታገኘዋለህ። ትዕዛዟን ደብተሯ ላይ ከጻፈች በኋላ ሁለቴ አሰመረችባት።

ፎልደሩን አጠፋነው። የሚያስፈልጋትን ለየቨርዥኑ ለየብቻ ጫነች። ከአንዱ ቨርዥን ወደ ሌላው የግሎባል ፓኬጆችን ዝርዝር ማሻገር ሲፈለግ ኤንቪኤም ራሱ አዲሱን ሲጭን «ከ16 ያሉትን እንደገና ጫንልኝ» የሚባልበት መንገድ አለው። ፋይሎቹን አይገለብጥም፣ እንደ አዲስ ይጭናቸዋል። ልዩነቱ ያ ነው።

የቆየው ፕሮጀክት ጋ ደግሞ አንድ ሌላ ነገር ጠበቀን። ገና ስናስነሳው ኖድ 16 አንድ ቃል ሳይሠራ ወደቀ። «ኦፕንኤስኤስኤል ሌጋሲ ፕሮቫይደር» የሚል አማራጭ «ኖድ ኦፕሽንስ» በሚባለው ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ውስጥ አይፈቀድም አለ። ይህኛውን አላስቀመጥኩትም፤ ግን የመጣበትን አውቀዋለሁ። ኖድ 17 ሲወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ጥቅምት፣ ወደ ኦፕንኤስኤስኤል (ኖድ ለምስጠራ የሚጠቀምበት ላይብረሪ) 3 ተሻገረ። የፕሮጀክት ኮድን አንድ ላይ የሚጠቀልለው መሣሪያ፣ ዌብፓክ፣ በአራተኛ ቨርዥኑ የሚጠቀምበት አሮጌ የሀሽ ስልት ያኔ ከመደበኛው ወጣ። የድሮ ፕሮጀክቶች በአዲስ ኖድ ቢልድ ሲደረጉ መውደቅ ጀመሩ። መውጫው አሮጌውን ስልት ፍቀድ የሚል አማራጭ በኖድ ኦፕሽንስ መስጠት ነበር። ብዙ ሰው ባሽአርሲው (ተርሚናል በተከፈተ ቁጥር የሚነበበው ፋይል) ውስጥ ወርውሮት ረሳው። ኖድ 16 ግን ይህን አማራጭ ጭራሽ አያውቀውም። ለአዲሱ መድኃኒት የሆነው ለአሮጌው መርዝ ሆነ ማለት ነው።

እሷም ማክሰኞ ማታ አሮጌውን ፕሮጀክት በ22 ልታስነሳ ሞክራ፣ መፍትሔ ፈልጋ፣ ይህንኑ አገኘች። ባሽአርሲው ላይ ለጠፈችው። አልፈረድኩባትም። በዚያ ሰዓት በጨለማ የምትዳብስ ሰው ያገኘችውን ትይዛለች። መስመሩን አጠፋነው፤ በ16 ስለምናስኬደው ጭራሽ አያስፈልግም። የሚያስፈልግበት ቀን ቢመጣ እንኳ ቦታው የፕሮጀክቱ የራሱ ስክሪፕት ነው፤ ሌላውን አይነካም።

ኖድ 16 ራሱ እ.ኤ.አ. በ2023 መስከረም ነው ድጋፉ ያበቃው። ፕሮጀክቱን ማሻገር እንዳለብን ስንናገር ዓመታት አለፉ። ይህን ነገር ሰኞ ስብሰባ ላይ አነሳዋለሁ። አዲስ ሰው በገባ ቁጥር የሚከፍለው ዕዳ መሆን የለበትም።

በመጨረሻ ሁለቱ ፕሮጀክቶች ውስጥ ኤንቪኤምአርሲ የሚባለውን ትንሽ ፋይል አስቀመጥን። አንዱ ውስጥ 16፣ ሌላው ውስጥ 22፤ ከቁጥሩ በቀር ሌላ ነገር የለበትም። ፎልደሩ ውስጥ ገብታ «ኤንቪኤም ዩዝ» ስትል ቁጥሩን ራሱ ያነበዋል። በራሱ ግን አይቀይርም፤ ማለት አለባት። ዲፎልቱን 22 አደረግነው። ወደ ቢሮ ስንወጣ ረፋዱ 5 ሰዓት ሆኖ ነበር።

ማታ ቤት ስገባ መጀመሪያ የከፈትኩት መመሪያውን ነው። አራተኛውን ተራ አጠፋሁት። በቦታው ኤንቪኤምን አስገባሁ፤ ከሥሩ ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ጻፍኩ። ለምን ፕሪፊክስ እንደነበረ፣ ለምን እንደወጣ፣ ድሮ ያስገባ ሰው የት የት ሄዶ ማጥፋት እንዳለበት። ሎግ አውት ማድረግ እንዳይረሳም ጨመርኩ። ስንት ሰው ነው በዚህ መመሪያ ያለፈው? አራት ወይ አምስት። አንደኛው ከሁለት ወር በላይ አልቆየም ነበር። በዚህ ምክንያት ሄደ አልልም። ግን ያኔ እሱም አንድ ጠረጴዛ ጥግ ላይ ተቀምጦ ላፕቶፑ ላይ አፍጥጦ ሲውል አይቼው ነበር፤ አልጠየቅኩትም። ዛሬ ከቡናው ጀምሮ ፊቱ እየመጣብኝ ነው።

አሁን ይህን እየጻፍኩ መልእክት መጣልኝ። አዲሱን መመሪያ አንብባዋለች። «ገብቶኛል፣ አመሰግናለሁ» ብላለች። ቀጥላ ደግሞ፣ «ሰባተኛው ተራ ላይ ያለችው መስመርስ ለምንድን ናት?»

ሄጄ አየኋት። የኔ ጽሑፍ ናት። ምክንያቷ ግን ሊመጣልኝ አልቻለም። «ነገ ጠዋት አብረን እናየዋለን» ብዬ መለስኩላት።