ለኬሚስትሪዋ ሳይት የጻፍኩት ፊድባክ

የፍሬሽማን ኬሚስትሪ የማጠናበት ሳይት "አስተያየት ስጡን" ብሎ ትንሽዬ ሳጥን ሰጠኝ፣ አልበቃኝም፣ እዚህ ልጨርሰው። እውነት ለመናገር ስቶይኪዮሜትሪ (በኬሚካል ሪአክሽን ምን ያህል ገብቶ ምን ያህል እንደሚወጣ ማስላት) የገባኝ እዛ ነው፣ ክላስ ውስጥ ሊሚቲንግ ሪኤጀንት (ቀድሞ አልቆ ሪአክሽኑን የሚያስቆመው ነገር) ሲባል ዝም ብዬ ነበር የምገለብጠው፣ እዛ ግን 4 ግራም ሃይድሮጅን ከ16 ግራም ኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ ኦክስጅኑ ቀድሞ ያልቃል፣ 18 ግራም ውሃ ይወጣል፣ 2 ግራም ሃይድሮጅን ደግሞ ጓደኛ አጥቶ ቁጭ ይላል ብለው በስዕል ሲያሳዩኝ በቃ በራልኝ። ኩዊዙ ነው ያናደደኝ! 0.50 ስል ስህተት፣ 0.5 ስል ትክክል ይለኛል፣ ሲግኒፊካንት ፊገር (0.50 ላይ ያለችው የመጨረሻዋ ዜሮም ትቆጠራለች የሚለውን) እኮ ራሳችሁ ናችሁ ያስተማራችሁኝ። ቪዲዮው ዳውንሎድ አይደረግም፣ የዶርም ዋይፋይ ደግሞ የሚፈጥነው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው (ያኔ እኔ የለሁም)። ፒዲኤፍ እንኳን ብትጨምሩልን በናታችሁ።